የክንፉ ፀጉር

«ክንፌን ፒያስትራ ያደረገው ማነው?» አለች የእህቴ ልጅ፣ በሌሊት ልብሷ ቆማ፣ አንደኛው ዓይኗ ገና ከእንቅልፉ ሳይነሳ። ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ነው። ቤቱ ውስጥ ያለነው ሁለት ሰዎች ነን፤ ከሁለታችን የሴቶች ፀጉር ቤት ያለኝ እኔ ነኝ፤ የፀጉር መተኮሻው ፒያስትራም እጄ ላይ እንደጋለ ነው። ታዲያ «ማነው» ብሎ መጠየቅ ምን ይሉታል? «እኔ ነኝ፤ አላማረም?» አልኳት። ጠጋ ብላ አየችው፣ ጎንበስ ብላ አየችው፣ ከዚያ ጠረጴዛው ጫፍ ላይ ቁጭ ብላ ሁለት እጇን ጭኖቿ መሃል ከትታ መሬት መሬቱን ታይ ጀመር። ይቺ ልጅ ስትናደድ ብትጮህ እኔም እጮህና እንገላገል ነበር። እሷ ግን እንደ እናቷ ናት፤ ዝም ትላለች። የእህቴ ዝምታ አንድ ጊዜ ሦስት ወር ሄዶ ያውቃል፣ ያውም በአንድ ድስት ክዳን ምክንያት።

ነገሩን ለማያውቅ ሰው ክንፍ ላይ ፀጉር ምን ይሠራል ያሰኛል። እኔም ብዬ ነበር። ልጄ፣ የእህቴ ልጅ ብልም አሥር ዓመት ያሳደግኳት እኔ ነኝ፣ የአውሮፕላን ምህንድስና ሦስተኛ ዓመት ተማሪ ናት። ደንበኞቼ «ፓይለቷ» ይሏታል፤ «ፓይለት አይደለሁም» ትላለች፤ «መቼ ነው የምታበሪን?» ይሏታል። ሦስት ዓመት ሙሉ አውሮፕላን የተማረችው በጠመኔ ነው። መምህሩ ሰሌዳ ላይ ክንፍ ይስላል፣ በክንፉ ላይ ቀስት ይስላል፣ ቀስቱ ንፋስ ነው ይላል፣ እነሱ ይገለብጣሉ። አንድ ቀን «አክስቴ፣ ንፋሱ እውነት እንደዚህ ነው የሚሄደው ወይ ብዬ ስጠይቀው፣ ፈተና ላይ እንደዚህ ነው የሚሄደው አለኝ» ብላ ሳቋን መቆጣጠር አቅቷት ነበር። ከዚያ ወዲህ ነው ከፀጉር ቤቱ ጀርባ ያለችውን የዕቃ ክፍሌን የቀማችኝ። ሻምፖና ካርቶን ይቀመጥበት በነበረው ቦታ ላይ ከስስ ጣውላ፣ ሰው የሚያስተኛ ረጅም ሳጥን ሠራች። ጎኑ መስታወት ነው። በአንደኛው ጫፍ ሁለት ቬንትሌተር ገጥማለች፤ ንፋሱን ከውስጥ ወደ ውጭ ይጎትቱታል፤ የሌላውን ጫፍ አፍ ደግሞ ከጭማቂ ቤት ለምና ባመጣችው ስትሮ ጥቅጥቅ አድርጋ ሞልታዋለች፤ ንፋሱ ሲገባ ሰልፍ ይዞ እንዲገባ ነው አለች። እሷ «የንፋስ ዋሻ» ትለዋለች። እኔ ሳጥን እለዋለሁ።

ክንፉ እዚህ ሳጥን መሃል ነው የሚሰካው። የክንድ ያህል ነው። አዲስ ፍሪጅ ሲገዛ ካርቶኑ ውስጥ ከሚገኘው ከዚያ ነጭ፣ ቀላል፣ ሲነኩት ከሚፈረፈር ነገር ቀርጻ፣ በብርጭቆ ወረቀት ስታሸው ስታሸው የሕፃን ጉንጭ አስመስላዋለች። ንፋስ ደግሞ አይታይም። እንዲታይ ብላ ከእኔ ሂውማን ሄር ላይ የጣት ርዝመት እየቆረጠች (የሦስት ራስ ዋጋ ነው፤ እኔ ማንኛውንም ነገር የምተምነው በራስ ነው) ዘጠና ስድስት ቀጫጭን ዘለላ በወረንጦ እየያዘች፣ ሥሩን በኮላ አጣብቃ ጫፉን ለቀቀችው። ንፋሱ ክንፉን ይዞ ደህና ሲሄድ ፀጉሩ ተኝቶ ይከተለዋል። ክንፉ ከመጠን በላይ ቀና ሲል ንፋሱ ገጹን ይለቃል፣ ያኔ ፀጉሩ ይነሳና ይተራመሳል። «አውሮፕላን የሚወድቀው እዚህ ላይ ነው» አለችኝ፣ ደስ እያላት። አራት ቀን ፈጅቶባታል።

ዛሬ ሊያየው የሚመጣ ሰው አለ። የአውሮፕላን ጥገና ድርጅት ዋና መሐንዲስ ነው። ትምህርት ቤታቸው ውስጥ ማስታወቂያ ለጥፎ፣ «ማርክ አላይም፤ ከክፍል ውጭ በእጃችሁ የሠራችሁትን አሳዩኝ፤ ከመካከላችሁ አንድ ሰው ስድስት ወር ሃንጋር ውስጥ ከሠራተኞቼ ጋር ይሠራል» ብሎ ጻፈ። ሃንጋር ማለት አውሮፕላን የሚጠገንበት አዳራሽ ነው፤ ሌላ ከተማ ነው፣ አውቶቡስ አምስት ሰዓት ይፈጃል። ሠላሳ አራት ተማሪ ተመዘገበ። ሌሎቹ የሠሩትን ተሸክመው ትምህርት ቤት ሄዱ። የእኛዋ ሳጥኑን ስትሠራ በር የሚባል ነገር በዓለም ላይ መኖሩን ረስታ ኖሯል፤ በቁሙም በጎኑም ብንሞክር አልወጣ አለ። ደብዳቤ ጻፈችለት። ሰውዬው ደግሞ ምን ዓይነቱ ነው፣ እኔ እመጣለሁ፣ በስምንት ሰዓት ጠብቂኝ አላት። እንግዲህ የአገር መሐንዲስ ለመጀመሪያ ጊዜ የሴቶች ፀጉር ቤት ሊገባ ነው።

በእንዲህ ያለ ቀን ማለዳ ገብቼ ክንፉን ሳየው ምን ልበል! አንዱ ዘለላ ወደ ላይ፣ አንዱ ወደ ጎን፣ አንዱ ተጠማዞ፤ ከአልጋ የተነሳች ሴት ነው የሚመስለው። ከእኔ ቤት ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ፀጉሩ ቆሞ የወጣ ሰው የለም። ሰው ሲመጣ እንዲህ ሆኖ ይታይ? ጄል ቀባሁት፣ ፒያስትራው ክንፉን እንዳይነካብኝ ዘለላውን ቀና አድርጌ እየያዝኩ አንድ በአንድ ፒያስትራ አደረግኩት፣ ወደ ጎን አስተኛሁት፣ ከጎኑም መስመር አወጣሁለት፣ በመጨረሻ ስፕሬይ ነፋሁበት። ክፋት አስቤ አይደለም። ምስክሬ ፈጣሪዬ ነው።

«አክስቴ» አለች በመጨረሻ፣ «ፀጉሩ መንቀሳቀስ አለበት። አሁን እኮ ጣራው ቢበር አይንቀሳቀስም።» በጣቴ ነካሁት። እውነቷን ነው፤ ግትር ብሏል። የእኔ ስፕሬይ ደግሞ ጥሩ ስፕሬይ ነው። ሰዓቷን አየች። ክፍል አላት፤ ያ የጠመኔው መምህር ስም ይጠራል፣ አንድ ቀን ከቀረች ፈተና አያስቀምጣትም። ስለ ንፋስ ለመስማት ንፋሷን ጥላ ልትሄድ ነው። «ስድስት ሰዓት ላይ እመለሳለሁ፤ ነቅዬ እንደ አዲስ የምችለውን ያህል እለጥፋለሁ። እባክሽን አክስቴ፣ እስከዚያ አትንኪው።» «አልነካም» አልኳት። «በሞቴ?» አለች። «በሞትሽ» አልኩ።

ከሄደች በኋላ ነው የቆጨኝ። የደንበኛ ፀጉር ላይ ፎጣ ስጠቀልልም፣ ቢጎዲን ስደረድርም ሐሳቤ ጓዳ ካለው ክንፍ ጋር ነው። አራት ቀን የተለጠፈ ነገር በሁለት ሰዓት እንዴት አድርጋ ልትጨርሰው ነው? ደግሞ ዝምታዋ! ቢያንስ ስፕሬዩን ባስለቅቅላት፣ ስትመጣ ግማሹን ሥራ ቢቀንስላት ብዬ አሰብኩ። መንካት አይባልም ይሄ፤ ማጽዳት ነው። ስፕሬይ በምን ይለቃል? የጥፍር ቀለም በምን ይለቃል? አሴቶን አነሳሁ፣ ጥጥ ነከርኩ፣ ክንፉን መሃሉ ላይ ጠበቅ አድርጌ አሸሁት። እናንተዬ! ክንፉ ጠጣው። እሳት ሳይኖር፣ ጭስ ሳይኖር፣ ጣቴ ሥር እንደ ስኳር ሟሟ፤ ጥጡን ሳነሳው የእንቁላል ያህል ጎድጓዳ አፉን ከፍቶ ያየኛል። እኔም አፌን ከፍቼ አየዋለሁ። ወለሉ ላይ ዘጭ አልኩ።

በዚህ መሃል ካሸሯ መጣች። ባንክ የምትሠራ ደንበኛዬ ናት፣ በየሳምንቱ ሐሙስ በምሳ ሰዓቷ ትመጣለች፣ አፏ ዕረፍት አያውቅም። በሩ ላይ ሆና «ምን ሆነሽ ነው፣ ሰው ሞተ እንዴ?» አለች። ክንፉን አሳየኋት። «ይሄ ምንድን ነው?» አለች። ነገርኳት። ጎንበስ ብላ ጎድጓዳውን መረመረችና፣ ገንዘብ ስትቆጥር እንደምታደርገው ከንፈሯን ሾል አድርጋ «አንቺ የአንዲት ሴት የፊት ፀጉሯ ሲሳሳ ምን ታደርጊላታለሽ?» አለች። «እሸፍንላታለሁ» አልኩ። «እና?» አለች። በቃ። ምክሯ ከሰይጣን ምክር የሚለየው ክፍያ ስለሌለው ብቻ ነው።

ሸፈንኩት። መጀመሪያ ያን የደረቀ ፀጉር በሙሉ አነሳሁ። ጎድጓዳው ላይ ወረቀት ዘርግቼ በኮላ ለጠፍኩ። ከዚያ ከአዲስ ሂውማን ሄር ላይ ቆረጥኩና መለጠፍ ጀመርኩ። ልጄ በወረንጦ አራት ቀን የፈጀባት ሥራ ለእኔ ምኔ ነው? እጄ እኮ በቀን ስንት መቶ ዘለላ ያያይዛል። ረድፉ ቀጥ ያለ፣ ርቀቱ እኩል፣ ሥሩ ተጣብቆ ጫፉ ነፃ። ወረቀቱ ያለበት ቦታ ላይ ትንሽ ጠጋ ጠጋ አድርጌ አበዛሁት፤ ራሰ በራ እንዳይታይ። ካሸሯ፣ በመሃል ያጠብኩላት ፀጉሯ ውሃ እያንጠባጠበ፣ አጠገቤ ቆማ ዘለላ ታቀብለኛለች። በአንድ ሰዓት ተኩል አለቀ። እውነቱን ልናገር አይደል? አምሮ ነበር። ከእሷ የበለጠ አምሮ ነበር። ውስጤ ግን ያቺ ቀዳዳ አለች፣ ልክ ደረቴ ላይ የተከፈተች ይመስል።

መምህሩ አስቆይቷት ልጄ የደረሰችው ለስምንት ሩብ ጉዳይ ነው፤ ላብ በላብ ሆና፣ ደብተሯ ከብብቷ ሥር ሊወድቅ። ጓዳ ገባች። ተከትያት ገባሁ። ክንፉን አየችው። አንዱን ረድፍ በዓይኗ ተከትላ እስከ ጫፍ ሄደች። ጎንበስ ብላ እፍ አለችበት፤ ዘለላዎቹ ብድግ ብለው ተኙ። «ማነው የለጠፈው?» አለች። «እኔ» አልኩ። ቀና ብላ አየችኝ። ከጠዋት ጀምሮ ዓይኗን ያየሁት አሁን ነው። «ሁሉንም? ዛሬ?» አለችና ከንፈሯ ጠርዝ ላይ ሳቅ መጣ። ንገሪያት አለኝ ልቤ። አሁን ንገሪያት። አፌን ከፈትኩ። በሩ ተንኳኳ።

ሰውዬው ሃምሳ ዓመት ያለፈው፣ ቁመተ ረጅም፣ ራሱ ላይ አንዲት ፀጉር የሌለው ሰው ነው። እኔ ሰው ሲገባ መጀመሪያ የማየው ፀጉሩን ስለሆነ ትንሽ ግራ ገባኝ። ጓዳው ውስጥ መቀመጫ የለምና ከፀጉር መታጠቢያው ወንበር አንዱን ስበን አስገባንለት፤ ሲቀመጥ መደገፊያው ወደ ኋላ ሄደበት፣ ሁለት እግሩ ተነሳ፣ ጣራውን እያየ «ጤና ይስጥልኝ» አለን። ልጄ ደነገጠች። ካሸሯ ሳቋን በፎጣ አፈነች። ወደ ሥራዋ መሄድ ሲገባት ቢጎዲኗን እንደደረደረች ጓዳ በር ላይ ቆማለች፤ ፀጉር ማድረቂያው ካስክ ሥር እንዳላስገባት ካስኩና ቬንትሌተሮቹ አብረው ከተነሱ መብራቱ ድርግም ይላል። «ለሳይንስ ስል ነው በእርጥብ ፀጉር የቆምኩት» አለች፣ ማንም ሳይጠይቃት። ሰውዬው ወንበሩን አቃንቶ፣ ጉልበቱ ላይ ደብተር ከፍቶ፣ «ሠላሳ ሦስቱን አይቻለሁ። የመጨረሻዋ አንቺ ነሽ። ቀጥይ» አለ።

ልጄ ማብሪያውን ጫነች። ቬንትሌተሮቹ ጮሁ። ከመጥረጊያ እንጨት የሠራችው ዘንግ ላይ እጇን አሳርፋ፣ መስታወቱ ላይ የለጠፈችውን የማዕዘን መለኪያ እያሳየች ማብራራት ጀመረች። ፀጉሩ ተኛ። ረድፍ በረድፍ ወደ ኋላ ለሽ ብሎ ተኛ፣ አቤት ሲያምር! መሃል ላይ ብቻ፣ ወደ ፊት ጠጋ ብሎ፣ አሥር የሚሆኑ ዘለላዎች ተነሱና እስክስታ መቱ። የእኔ ዘለላዎች ናቸው። ጠጋ ጠጋ ያደረግኳቸው።

«ይሄ ምንድን ነው?» አለ ሰውዬው በብዕሩ ጠቁሞ። ልጄ አየችው። አንዴ ዘንጉን ዝቅ አደረገች፣ አንዴ ከፍ አደረገች። ጭፈራው አላቆመም። «አላውቅም» አለች። ካሸሯ በጎን አየችኝ፣ እኔ ጣሪያውን አየሁ። ሰውዬው ምንም ሳይጽፍ ጠበቃት። እሷ ግን ፊቷን መስታወቱ ላይ ልትለጥፈው ደርሳለች፤ የእኛን መኖር ረስታለች። «መጀመሪያ መነሳት ያለበት የኋላው ነው» አለች ለራሷ እንደምታወራ። «የኋላው ተኝቷል። ይሄ ከፊት ነው የተነሳው፣ ያውም ክንፉ ገና ቀና ሳይል። ስለዚህ ከማዘንበሉ አይደለም። ከገጹ ነው። እዚህ ሥር ገጹ ወይ አብጧል ወይ ጎድጉዷል።»

«ክንፉን ያለሰለስሽው አንቺ አይደለሽም?»

«እኔ ነኝ። ለስላሳ ነበር።»

«ታዲያ ለስላሳ ነው የምትይው አንቺ ነሽ፣ አይደለም የሚለው ፀጉሩ ነው። ማንን እንመን?»

«ፀጉሩን» አለች፣ ሳታስብ።

ማብሪያውን አጠፋችው። ቬንትሌተሮቹ ዝም ሲሉ ቤቱ ሁሉ ባዶ የሆነ መሰለኝ። ክዳኑን ከፍታ እጇን አስገባች፣ በአንድ ጣቷ ዘለላዎቹን ገለጥ አድርጋ ዳበሰች። «ጎድጓዳ ነው። የእንቁላል ያህል። ላዩ ላይ ወረቀት ተለጥፎበታል» አለች። ወደ እኔ አልዞረችም። ገብቷታል፤ ቤቱ ውስጥ እኮ እጇ የማያርፍ ሰው አንድ ብቻ ነው ያለው። ሰውዬው ፊቱ ተለወጠ። «ወረቀት በራሱ አይለጠፍም። ማነው የሸፈነው?» አለ። ልጄ እጇን ከሳጥኑ አወጣች፣ ቀስ ብላ ክዳኑን መለሰች። «ክንፉ የእኔ ነው። ኃላፊነቱም የእኔ ነው» አለች። ሰውዬው ትንሽ አያት። ከዚያ ደብተሩን ዘጋ። «እኔ ዘንድ» አለ ቀስ ብሎ፣ «ሰው ያልሠራለትን ነገር ይዞ ይመጣል፤ አያሳስበኝም። ጉድለት ሸፍኖ የሚያሳየኝን ሰው ግን አውሮፕላን አጠገብ አላስጠጋም። አመሰግናለሁ።» ወንበሩ እንዳይገለበጥበት ጠርዙን ይዞ ተነሳ።

«እኔ ነኝ!» አልኩ። የቬንትሌተሩ ጩኸት ያለ መስሎኝ ነው መሰለኝ፣ መንገድ ድረስ የሚሰማ ጩኸት ነው የጮህኩት። ካሸሯ ዘለለች። «እኔ ነኝ፤ አትንኪ ብላኝ፣ በሞቴ ብላኝ፣ እኔ ነኝ የነካሁት! ጠዋት ፀጉሩን ያደረቅኩት እኔ ነኝ፣ በአሴቶን የቀደድኩትም እኔ ነኝ፣ እሷ ክፍል ነበረች፣ ወረቀት የለጠፍኩትም ፀጉር ያበዛሁትም እኔ ነኝ። ዘጠና ስድስቱንም የለጠፍኩት እኔ ነኝ። እሷ ያየችው አሁን ነው፣ ከእርስዎ ጋር፣ አብራችሁ!» ሳላውቀው እንባዬ መጥቷል። ካሸሯ ደግሞ ከኋላዬ፣ ቢጎዲኗ እየተንጠለጠለ፣ «ሸፍኚው ያልኳት እኔ ነኝ፤ የባንክ ሠራተኛ ነኝ፣ ከፈለጉ መታወቂያ አለኝ» አለች። መታወቂያዋን ምን እንደሚያደርገው እስከ ዛሬ አልገባኝም።

ሰውዬው ቆሞ ቀረ። እኔን አየ፣ ልጄን አየ። «አታውቂም ነበር?» አላት። «አላውቅም ነበር» አለች። «ፀጉሩ ነው የነገረሽ።» «አዎ።» ራሰ በራውን በመዳፉ ዳበሰ። መልሶ ተቀመጠ፣ ወንበሩም መልሶ ገለበጠው፣ አሁን ግን ማንም አልሳቀም። ከተቃና በኋላ ከቦርሳው ውስጥ ወረቀት አወጣ፤ ሃንጋር ውስጥ አውሮፕላን ላይ ጉድለት ሲገኝ የሚሞላ ቅጽ ነው። ጉድለቱ፣ ያገኘው፣ ያሳወቀው፣ ሥራ፣ መፍትሔው፣ ፊርማ ይላል። «ሠላሳ ሦስት ተማሪ የሚሠራ ነገር አሳየኝ» አለ እየጻፈ። «አጠገቤ ቆሞ የራሱን ሥራ ጉድለት ፈልጎ ያገኘ አንድም የለም።» ያገኘው በሚለው ላይ የልጄን ስም ጻፈ። ከዚያ ቅጹን ወደ እኔ ገፋው። «ያሳወቀው፤ እዚህ ጋ ስምዎን ይጻፉ። ሥራ የሚለው ላይም ይሙሉ።» «ፀጉር ሠሪ ልበል?» አልኩት። «ታዲያ ምን ሊሉ ነው? ስንት ሰዓት ላይ ነበር አሴቶኑ?» ሁሉንም በየደቂቃው ጠየቀኝ፤ የጠርሙሱን መጠን፣ ጥጡን፣ በየትኛው እጄ እንዳሸሁት። ሐኪም እንኳን እንደዚህ ጠይቆኝ አያውቅም። ፈረምኩ። ካሸሯም ካልፈረምኩ አለች፤ ምስክር ብሎ አንድ መስመር ሠራላት።

ሊሄድ ሲል በሩ ላይ «ሰኞ፣ አንድ ሰዓት፣ ሃንጋሩ በር ላይ» አላት። ከዚህ ሌላ አንዲት ቃል አልጨመረም። «ተቀበላት ማለት ነው?» አልኳት ካሸሯን። «ሰኞ ነይ ካላት ተቀበላት ማለት ነው» አለችና ወደ ባንኳ በረረች፤ ሁለት ሰዓት ሙሉ ዘግይታለች፣ ፀጉሯም እርጥብ ነው።

በሩን ዘግተን ወለሉን የምንጠርገው ፀሐይ ስትጠልቅ ነው። ልጄ መጥረጊያ፣ እኔ አካፋ ይዤ። ዝም ብላለች። የእህቴን ሦስት ወር አስታወስኩ፤ ሰኞ ደግሞ ልትሄድ ነው፣ ዝምታውን ይዛው ልትሄድ ነው። ፀጉሩን ከየጥጋጥጉ ሰበሰበች፣ አካፋው ላይ ገፋችው፣ ቀና አለች። «አክስቴ።» «ወይ የኔ ልጅ።» «ሌላ የደበቅሽኝ ነገር አለ?»

የለም ልል ነበር። አፌ ላይ መጥቶም ነበር። «አለ» አልኩ። «ትናንት አልጋዬ ላይ ሆኜ ሰውዬው መኪናው ይበላሽበት፣ ይታመም፣ አይምጣ ብዬ ነበር። ክንፉን ሆን ብዬ አይደለም ያበላሸሁት፤ ግን ሲበላሽ፣ በጣም ትንሽ፣ የጥፍር ያህል፣ ደስ ያለኝ ቦታ አለ። እንዳትሄጂ ፈልጌ ነው። ብቻዬን እዚህ ቤት ምን እሠራለሁ?» ካልኩ በኋላ አካፋውን ይዤ እንደ ሌባ ቆምኩ።

ልጄ መጥረጊያውን ግድግዳ ላይ አስደገፈችው። ሰውዬው ባዶ ቅጾች ትቶላት ሄዷል፣ እንድትለማመድ። አንዱን አነሳች፣ መስታወቱ ፊት ያለው ጠረጴዛ ላይ ቁጭ ብላ በዚያ በሚያምር ጽሕፈቷ መሙላት ጀመረች። ከትከሻዋ በላይ አነበብኩ። ጉድለቱ፦ አክስቴ እንዳልሄድ ትፈልጋለች። ያገኘው፦ ማንም የለም። ያሳወቀው፦ ራሷ። መፍትሔው ላይ ስትደርስ ብዕሯ ቆመ። አፍንጫዋን ሳበችና ሳትዞር «እዚህ ጋ ምን ልበል?» አለች።

«ትሂድ በይ» አልኳት።

ጻፈችው። ቅጹን አዙራ ብዕሩን ሰጠችኝ። ፊርማዬ ተንጋደደ፣ ግን ፈረምኩ።